ኮርቻው እኔን፣ እኔ ሚስቴን

ከሳይክል ስትወርዱ ከእግራችሁ መሀል የሚደነዝዛችሁ፣ አፍራችሁ ለማንም ሳትናገሩ የቆያችሁ ወንዶች ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። እኔም አፍሬ ነበር። አፍሬ ምን እንዳተረፍኩ እነግራችኋለሁ። ሚስቶቻችሁ ቢያነቡትም አይከፋም፤ እንዲያውም እነሱ ቀድመው ቢያነቡት ይሻላል።

አርባ አራት ዓመቴ ነው። ሐረር የመጣሁት በመንግሥት ሥራ ተመድቤ ሲሆን መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳገላብጥ ዐሥራ አምስት ዓመት ሞላኝ። ሚስቴ ሰናይት የሐረር ልጅ ናት፤ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ሁለት ልጆች አሉን። የተጋባነው በቁርባን ነው። በቁርባን የተጋባ ሰው «አልተስማማንም» ብሎ አይለያይም፤ እንዲህ ያለውን ትዳር ያፈርሰዋል ተብሎ የሚፈራው ዝሙት ነው። እኔና ሰናይት ስለዚህ ነገር አስበን እንኳ አናውቅም ነበር።

ሳይክሉን የገዛሁት ስኳርህ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ተንቀሳቀስ ስለተባልኩ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ስለማጎነብስ አንገቴን ያመኛል፤ ስለዚህ መሪውን አስነሥቼ ቀጥ ብዬ ነበር የምነዳው፤ ልክ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው። እንደዚያ የሚነዳ ሰው ክብደቱ ከሞላ ጎደል መቀመጫው ላይ እንደሚያርፍ አላውቅም ነበር። አብሮት የመጣው ኮርቻ ጠባብና የተሰነጠቀ ስለነበር ሸዋ በር አካባቢ ካለ ሱቅ ሌላ ልገዛ ሄድኩ። የመረጥኩበትን መንገድ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሰፊና ወፍራም ስፖንጅ ያለውን አንሥቼ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ጣቴ ስምጥ አለ።

«ፍራሽ በለው ጌታው! ትተኛበታለህ» አለኝ ባለሱቁ።

እውነትም ለአውራ ጣቴ በጣም ተመችቶት ነበር።

በወሩ ይመስለኛል፣ ከሳይክል ስወርድ ተቀምጬበት የነበረው ቦታ የተኛ እግር ይመስል መደንዘዝ ጀመረ። ትንሽ ስራመድ ይለቀኛል። ቀጥሎ አልለቅ አለ። ቀጥሎ ሽንቴን ስሸና ማቃጠል መጣ፤ ግድግዳ ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምጨርሰው። ለሰናይት አልነገርኳትም። ያን ቦታ አመመኝ ብሎ ለሚስት መንገር ከየት ይጀመራል? ውሃ ማብዛት፣ በርበሬ መተው፣ ራስን መሸወድ፤ ይህን ሁሉ ሞከርኩ። ሳይክሉን ግን አልተውኩም። ለጤናዬ ነው ብዬ እንዲያውም ጨመርኩበት።

በመጨረሻ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። መጠበቂያው ጠባብ ኮሪደር ነው፤ የምርመራ ክፍሉ ደግሞ በር የለውም፣ መጋረጃ ነው ያለው። ወረፋ ስጠብቅ ከእኔ በፊት የገባችው ሴትዮ ስንት ጊዜ እንዳስወረዳት ሳልፈልግ ሰምቻለሁ። ተራዬ ሲደርስ ወጣቱ ባለሙያ የሽንቴን ውጤት አየና ቀና አለ።

«ከትዳር ውጪ ግንኙነት ነበረህ?»

ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

«የለኝም» አልኩ።

«ሁሉም እንደሱ ነው የሚለው» አለና እየጻፈ፣ «የአባላዘር ነገር ይመስላል፤ ጨብጥ። መርፌ ትወጋለህ፣ ኪኒን አለ። ባለቤትህንም አምጣት። እሷ ካልታከመች መልሳ ታስይዝሃለች» አለኝ።

ከመጋረጃው ወዲያ ኮሪደሩ ጸጥ አለ። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። አላነበብኩትም። ስወጣ አንዲት እናት እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፉኝ፤ እንዳልነካቸው ነው።

እስከ ቤቴ ድረስ ስሌት ስሠራ ሄድኩ። እኔ ከሰናይት ሌላ ሴት አላውቅም፤ ይህን ማንም አይነግረኝም። ከእኔ ካልመጣ እንግዲህ ከእሷ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት አብሬያት የኖርኩትን ሴት ለመወንጀል የፈጀብኝ ጊዜ ከክሊኒኩ እስከ በሬ ያለው መንገድ ብቻ ነው።

ልብስ ስታጥብ አገኘኋት።

«ከማን ነው ያመጣሽው?» አልኳት።

«ምኑን?»

«በሽታውን!»

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ግንባሬን ልትዳስስ መጣች። ትኩሳት ይዞኝ የምቀባዥር መስሏት ነው። እጇን በቡጢ መታሁት። እጇን ይዛ አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ገንዳው ተመለሰች።

በማግስቱ ሳልጠይቃት ራሷ ሄዳ ተመረመረች። ምንም የለብሽም የሚል ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። «ቀድመሽ መድኃኒት ወስደሻል» አልኳት። ንጹሕ ካልሆነች ጥፋተኛ፣ ንጹሕ ከሆነች ደግሞ ተንኮለኛ ነበረች፤ መውጫ አላስቀረሁላትም። አልጋ ለየን።

ከዚያ መከታተል ጀመርኩ። ክረምቱን የማጠናከሪያ ትምህርት ታስተምር ነበር፤ ከትምህርት ቤት የሚመልሳት አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ፤ ሌሎች አራት አስተማሪዎችም አብረው ይሳፈራሉ። ልጁ ሳቂታ ስለሆነ እሱ ነው ብዬ ወሰንኩ። ከቢሮ ፈቃድ እየጠየቅሁ በሳይክሌ ከባጃጁ ኋላ እሄዳለሁ። ጊደር መጋላ ገበያ ስትወርድ ማዶ ቆሜ፣ አንድ እግሬን ድንጋይ ላይ አድርጌ፣ ከኮርቻው ሳልወርድ እጠብቃታለሁ። ወደ ኤረር በር ስትሄድም እንዲሁ። ቁልቁለቱን፣ ዳገቱን፣ የጀጎልን የድንጋይ መንገድ እየተንጓጓሁ፣ በዚያ ስፖንጅ ላይ በቀን ሦስትና አራት ሰዓት።

ምን እንደሆነ ገምቱ። በተከታተልኳት ቀን ሕመሙ ይብሳል። በባሰብኝ ቁጥር «ይኸው! መልሳ አስያዘችኝ» እልና በማግስቱ አጥብቄ እከታተላታለሁ። አልጋ ከለየን ወዲያ እንዴት መልሳ ልታስይዘኝ እንደምትችል የሚጠይቅ ጭንቅላት አልነበረኝም። ኪኒኑን ጨረስኩ፣ ሁለተኛ ዙር ገዛሁ፣ ለውጥ የለም። የሚደነዝዘው ቦታ ሰፋ፤ ወንድነቴም ከዳኝ። እሱንም በእሷ ላይ ጻፍኩት።

አንድ ቀን ጊደር መጋላ ውስጥ ገብስና ተልባ ስትገዛ አየኋት። እኛ ቤት ገብስ አይበላም ነበር። «ለሱ ነው» ብዬ ደሜ ፈላ። ማታ የተቆላ ገብስና የተልባ ውሃ አቀረበችልኝ። ለስኳርም ለሆድም ጥሩ ነው ብሎ ሰው ነግሯት ነው። በላሁት፤ ግን አላመሰገንኳትም።

የንስሐ አባታችንን መምሬ ተክሌን የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ቡራኬ ሰጥተው ከተቀመጡ በኋላ ጉዳዩን ሳስረዳቸው አንገታቸውን ደፉ።

«ማስረጃ አለህ ልጄ?»

«ሰውነቴ ነዋ አባቴ። ትማልልኝ።»

«መሐላ አይገባም። ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ነው የተባለው።»

«ካልማለች እኔ ከዚህ ቤት እወጣለሁ» አልኩ።

መምሬ አሁንም እምቢ ሊሉ ሲሉ ሰናይት ራሷ ተነሣች። እጇን ዘርግታ መስቀላቸው ላይ አሳረፈች። «ከዚህ ሰው ሌላ ወንድ አላውቅም። ካወቅሁ ልጆቼን አያሳድግልኝ» አለች። መምሬ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ያልኩትን እዚህ ልጽፈው ነው፤ ይህ ጽሑፍ ያለዚያ ዋጋ የለውም። «ሰው በውሸትም ይምላል» ነው ያልኩት።

መምሬ መስቀላቸውን ሰበሰቡ። ነገሩ እስኪጠራ ሁለታችሁም ወደ ቁርባን አትቅረቡ ብለው ሄዱ። ፍልሰታ ሊፈታ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሰናይት ሁለቱን ሳምንት ቅዳሴ እስኪያልቅ ውሃ ሳትቀምስ ነበር የከረመችው፤ በየዓመቱ ከልጆቹ ጋር ቆርባ ነው የምትፈታው። በዕለቱ ልጆቹን ነጭ አልብሳ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አድርሳቸው፣ ለጎረቤታችን አስረክባ ወደ ኋላ ተመለሰች። ቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የሚያውቋት ሴቶች እያዩዋት ገቡ። ጾሞ ያልቆረበ ሰው ለምን እንደቀረ ማንም አይጠይቅም፤ ሁሉም በየልቡ ይተረጉመዋል። እኔ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ፣ ሳይክሌ ላይ እንደተቀመጥኩ አየኋት። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ሆስፒታል የሄድኩት ሽንቴ ጠብ ጠብ እያለ አልወጣ ሲለኝ ነው። ጠዋት ተሰልፌ እስከ ቀትር አልደረሰኝም። መቀመጥ አልችልም፣ መቆምም አልችልም፤ አግዳሚው ጫፍ ላይ በአንድ ጎኔ ተንጠልጥዬ ነበር። አጠገቤ ኮፍያ ያደረጉ ሐረሪ ሽማግሌ አሉ። ከቤት ይዘውት የመጡትን መከዳ ከሥራቸው አውጥተው ሰጡኝ።

«ግዴለም አባቴ፣ እርስዎ ይቀመጡበት» አልኳቸው።

«ወላሂ እኔ ለምጄዋለሁ። አንተ ፊትህ አመድ መስሏል» አሉኝ። ስማቸው ዑመር ነው፤ ሰው በአክብሮት አው ዑመር ይላቸዋል፤ ጀጎል ውስጥ መጽሐፍ የሚጠርዙ ባለሙያ ናቸው። እጃቸው የቆዳ ሽታ ነበረው። ተራቸው ሲጠራ ቁጥራቸውን እጄ ውስጥ አስጨበጡኝ። «ሂድ ግባ። እኔን ቤት የሚጠብቀኝ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፍ ሽንት አይዘውም» ብለው ሳቁ። በዚያ ክረምት ሰው ፊት ሳልሸማቀቅ የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዶክተሯ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሴት መሆናቸውን ሳይ ተመልሼ ልወጣ ነበር። ሰምተውኝ ሲያበቁ ሱሪዬን አዩት፤ በእግሬ መሀል ተበልቶ አልቋል።

«ምን ትነዳለህ?»

«ሳይክል።»

«በቀን ስንት ሰዓት?»

ነገርኳቸው። ለምን ያን ያህል እንደምነዳ ግን አልነገርኳቸውም። መርምረውኝ ወንበሩ ላይ ተመለሱና እጃቸውን በሁለት ጡጫ ጨብጠው ጠረጴዛው ላይ ተከሉ። «ሰው የሚቀመጠው በእነዚህ በሁለቱ አጥንቶች ነው። በመሀላቸው ነርቭና የደም ሥር ያልፋል። ለስላሳ ስፖንጅ ሲሆን አጥንቱ ይሰምጣል፣ መሀሉ ደግሞ ወደ ላይ ይነሣና ነርቩን ይጫነዋል። ቀጥ ብለህ ስትነዳ ደግሞ ይብሳል። አንተ ራስህን ነው ስትረግጥ የከረምከው» አሉ።

«ጨብጡስ?»

ያጣጠፍኩትን ወረቀት ዘርግተው አነበቡት። «የታለ ጨብጥ የሚለው? ነጭ የደም ሴል ታየ ነው የሚለው። የሰውነት ዘበኛ ማለት ነው፤ የተቆጣ ቦታ ሁሉ ይሄዳል። ፈሳሽ አልነበረህም፣ ትኩሳት አልነበረህም፣ ባለቤትህ ደህና ናት። ማነው ጨብጥ ያለህ?»

የክሊኒኩ ልጅ «ይመስላል» ነበር ያለው። ወረቀቱ ሁለት ወር ኪሴ ውስጥ ነበር። ፊደል ቆጥሬ፣ የሰው ፋይል እያነበብኩ የምበላ ሰው፣ የራሴን ወረቀት አላነበብኩትም።

ሦስት ሳምንት ሳይክል እንዳልነካ፣ በሞቀ ውሃ እንድዘፈዘፍ ታዘዝኩ። ሲሻለኝ መንዳት እንደምችል፣ ግን ኮርቻ መምረጥ እንዳለብኝም ነገሩኝ። በዐሥረኛው ቀን መደንዘዙ ለቀቀኝ። በሦስተኛው ሳምንት ማቃጠሉ ጠፋ።

እዚህ ላይ አንባቢ ይጠይቀኛል፤ ያን ቀን ከሆስፒታል ወጥተህ በቀጥታ ወደ ሰናይት አልሄድክም? አልሄድኩም። እርግጠኛ ልሁን አልኩ። ለራሴ ሰውነት ሦስት ሳምንት ማረጋገጫ ፈለግሁ፤ እሷን ለመኮነን ግን ግማሽ ሰዓት በቅቶኝ ነበር። ዝም ብዬ ስድን ከረምኩ። እሷም ዝም ብላ ልጆቹ ክፍል ስታድር ከረመች።

በዚህ መሀል አው ዑመር ጋ ሄድኩ። የስፖንጁን ኮርቻ ሳሳያቸው በመዳፋቸው መዘኑትና ወደ ጎን አሉት። «ለትራስ ይሆናል» አሉ።

«በቆዳ ይሸፍኑልኛል?»

«ቆዳ ብትሸፍነውም ውስጡ ያው ስፖንጅ ነው። ቆዳው ራሱ ነው የሚሸከምህ። ኤረር በር አሮጌ ብረት ከሚሸጡት ዘንድ ሂድ፤ የድሮ ኮርቻ ብረት ፈልግ፣ ከፊት የሚያጠብቅ ብሎን ያለው።»

አገኘሁ። እሳቸው ካርቶን አምጥተው ደረጃው ላይ ዘረጉ። «ተቀመጥ። እንደምትነዳው ቀጥ በል። ካጎነበስክ ልኩ ይለወጣል» አሉ። ስነሣ ካርቶኑ ላይ ሁለት ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ቀሩ። ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል ዐሥራ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሆነ። ቀጥ ብዬ ስለምነዳ ኋላውን ሰፋ አድርገው ሃያ ሴንቲ ወሰኑት፤ አፍንጫው አጭር እንዲሆን አደረጉ።

«የመጽሐፍ ቆዳ የፍየል ነው፤ አንተን አይችልም» ብለው ከበሬ ጀርባ የተነሣ ወፍራም ቆዳ መረጡ። የሆዱ ቆዳ ይለጠጣል፣ ቶሎ ይሰምጣል አሉኝ። አርጥበው ብረቱ ላይ ወጠሩት፣ በጥላ አደረቁት። ከሥሩ ምንም የለም፤ እንደ አልጋ ጠፍር ተወጥሮ ነው የሚሸከመው። ሦስት ጊዜ አስቀምጠውኝ ሦስት ጊዜ ፈቱት። «የት ጋ ያርፍሃል? አጥንትህ ላይ ነው? መሀሉስ ይነካሃል? እውነቱን ንገረኝ» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ ደረቅ ነው፣ አትደንግጥ፣ በሳምንታት ቅርጽህን ይይዛል፤ በውሃ አታርሰው፣ ከሥሩ ብቻ ሰም ቀባው አሉኝ። የሥራቸውን ዋጋ ቀንሰው ነው የተቀበሉኝ።

ልሰናበት ስል «ቤተሰብ አማን ናቸው? ባለቤትህ ደህና ናት?» አሉኝ።

«ደህና ናት» አልኳቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ውስጥ ሳይክሉን ገልብጬ አዲሱን ኮርቻ ሰም እየቀባሁ ነበር። እያፏጨሁ ነበር መሰለኝ። ሰናይት ምስር የምትለቅምበትን ሰፌድ ይዛ ደፉ ላይ ቆመች። ለሦስት ወር ያህል በቀጥታ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም።

«ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ነርቩን፣ ስፖንጁን፣ ነጭ የደም ሴሉን፣ አው ዑመር በካርቶን ለክተው ሦስት ጊዜ እንደፈቱት። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ፣ እንዳልነበረም። ይቅርታ የሚለውን ቃል የት ጋ እንዳስገባሁት አላስታውስም፤ ስለ ቆዳው ከተናገርኩ በኋላ ይመስለኛል።

«ሳይክሉ ነው?» አለች።

«ሳይክሉ ነው።»

ሳቀች። ሰፌዱ እስኪንቀጠቀጥ፣ ምስሩ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ በአንዴ ቆመ።

«ካወቅህ ስንት ቀንህ ነው?»

«ወር... አንድ ወር ሊሆነኝ ነው።»

ኮርቻውን አየችው፤ ውጥር ቆዳውን፣ ሰሙን፣ ልኩን።

«ለመቀመጫህ ካርቶን ላይ ተቀምጠህ ተለካህ። ሦስት ጊዜ አስፈታህ። ይመቸዋል አይመቸውም ብለህ ወር ጠበቅህ» አለች። «እኔን ግን ክሊኒክ በር ላይ ነው የጨረስከኝ።»

ጎንበስ ብላ ምስሩን ከመሬት መልቀም ጀመረች። ላግዛት ስል «ተወው» አለችኝ፤ በቁጣ አልነበረም።

መምሬ ተክሌ ጋ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ቀኖና ሰጡኝ፤ ከሁሉ በፊት ግን የሰማው ሰው ሁሉ ፊት ውሸቱን ራስህ አፍርሰው አሉኝ። ጎረቤቶቻችንን ዞርኩ። የባጃጁን ልጅ ሳይቀር ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ምን አድርገህኝ ነው ብሎ ግራ ገባው። ሰዎቹ እየሳቁ ነው የሰሙኝ። ሐሜቱ ያኔ ቤት ለቤት በሹክሹክታ ነበር የዞረው፤ ማስተባበያው ግን የሳይክል ቀልድ ሆኖ ቀረ። ከቁርባን የቀረችበትን ያን ጠዋት የሚመልስላት ሰው አላገኘሁም።

መምሬ ፊት «ይቅር ብያለሁ» ብላለች። በሚቀጥለው በዓል ከልጆቹ ጋር ቆረበች። እኔ ቀኖናዬን አልጨረስኩምና ቅጥሩ ውስጥ ቆሜ አየኋት። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ስኳርህን ተለካህ ወይ ትለኛለች። የምታድረው አሁንም ልጆቹ ክፍል ነው።

ስለ ጤናዬ የምትጠይቁኝ ካላችሁ ሙሉ በሙሉ ደህና ነኝ። ቆዳው ቅርጼን ይዟል፤ ሁለት ሰዓት ነድቼ ስወርድ ምንም አይሰማኝም። ኮርቻ ስትገዙ በጣታችሁ አትጫኑ፤ ተቀመጡበት። ሐኪም አንድ ነገር ሲነግራችሁ ወረቀቱን ጠይቁ፣ አንብቡት። «ይመስላል» የሚለውን ቃል ሰምታችሁ ወደ ቤት አትሂዱ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ እሷን የሚነካ ነገር ስላለበት ለሰናይት ሰጠኋት። የተማሪ ደብተር የምታርምበትን ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። በቡጢ የመታኋትን አልነካችውም። ያልቆረበችበት ጠዋት ደስ እንዳለኝ የጻፍኩትንም አነበበች፤ ቆይታ አነበበችው፣ ግን አልነካችውም። መዝጊያዬ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድነናል» የሚል ነበር። እሱን በአንድ መስመር ሰርዛ ከበላዩ ጻፈችበት፤ ጽሕፈቷ የአስተማሪ ስለሆነ በግልጽ ይነበባል። «የዳንከው አንተ ነህ» ይላል።